የስሜን ድልድይ ስለ ተባለው ሥዕል የቀረበ ትችት

ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች አንድ ዕዳ አለብን። ባለፈው ዓመት ተማሪዎች የትውልድ አገራቸውን የሚያስተዋውቅ ትርኢት ባዘጋጁ ጊዜ፥ እኛ ከደባርቅና ከዳባት የመጣነው አንድ ትልቅ ሥዕል ሰቅለን፥ ከሥሩ «ጥንታዊው የስሜን ድልድይ» ብለን ጻፍንበት። ያየው ሁሉ አደነቀልን። ከመምህራን አንዱ ድልድዩ የት እንደሚገኝ ቢጠይቁን፥ «ከሊማሊሞ ግርጌ ነው» ብለን ሳናመነታ መለስን። ይህን ስንል ከመካከላችን ድልድዩን በዓይኑ ያየ አንድ ስንኳ አልነበረም። አሁን የምንጽፈው ያን ቃላችንን መልሰን ለመውሰድ፥ ሥዕሉም ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ ለማመልከት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሥዕሉ በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፥ በመጻሕፍት ቤቱ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ተሸፍኖ ይኖር ነበር። ከ19ኛው ምዕተ ዓመት የጉዞ መጽሐፍ ተቈርጦ የወጣ አንድ ቅጠል ነው፤ ከግርጌው በፈረንሳይኛ «የፖርቱጋሎች ድልድይ፥ በአቢሲኒያ» ከሚል በቀር ሌላ ቃል የለበትም። ከድልድዩ በስተኋላ ግን የስሜን ተራሮች ስለሚታዩ፥ የአገራችሁ ሥዕል ነው ተብሎ ተነገረን፤ እኛም አመንን። በልጅነቱ የአገሩን ተራራ በመስተዋት ውስጥ ተከብሮ ያየ ሰው እንዴት አያምንም? ትምህርታችንን ጨርሰን ስንወጣ ሥዕሉን ፎቶግራፍ አንሥተን ይዘን መጣን።

በሥዕሉ መካከል አንድ ትልቅ የድንጋይ ቅስት በሁለት አለቶች መካከል ተዘርግቷል። በቅስቱ ላይ በበቅሎ የተቀመጠ አንድ ሰው ይሻገራል፤ አሽከሩ ጦር ተሸክሞ ይከተለዋል። በድልድዩ ግራና ቀኝ ያለው ዝቅተኛ የመከለያ ግንብ ከፊሉ ፈርሷል። ከቅስቱ ሥር ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ነው፤ ሁለቱም ዳርቻዎች በገመድ የተለኩ ይመስል ቀጥ ብለው ይታያሉ። በውሃው ጠርዝ ላይ ደግሞ ከቅስቱ ሥር የሚያልፍ አንድ ጠባብ፥ ደልዳላ መንገድ አለ። ከበስተኋላ እንደ ጦር የሾሉና እንደ ግንብ የቆሙ ዐምባዎች ሰማዩን ሞልተውታል። የሠራው እጅ የተማረ እጅ እንደ ሆነ አይካድም፤ ጥላውና ብርሃኑ የተመዘነ፥ የአለቱ ስንጥቅ ሳይቀር የሚቈጠር ነው። ትችታችን በዚህ ችሎታ ላይ አይደለም።

ጥርጣሬያችን የጀመረው ከተራሮቹ ነው። ባለፈው ክረምት ከመካከላችን አንዱ ፎቶግራፉን ዳባት ወስዶ፥ በወጣትነታቸው በበቅሎ ጭነው ከትግራይ ጋር ይነግዱ ለነበሩት አጎቱ አሳያቸው። ሽማግሌው ወረቀቱን ወደ ብርሃን አቅርበው ብዙ ከተመለከቱ በኋላ፥ «ልጄ፥ ተራራውስ የኛ ነው። ነገር ግን ይህን ያየው ሰው ቆላ ቆሞ ነው ያየው። በዚህ በኩል ለመጣ ሰው እንዲህ ሆኖ አይታይም» አሉ። እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ እዚያው ኖረን ያላስተዋልነውን ነገር እርሳቸው በአንድ አፍታ አዩት።

ነገሩ እውነት ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚሄድ ሰው በሰፊው የወገራ ደጋ ላይ፥ በገብስ ማሳ መካከል ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ነው የሚጓዘው። ደባርቅ ሲደርስ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ ይህን ያህል መውጣቱን የሚያስታውቀው ግን ብርዱ እንጂ ገደሉ አይደለም። የስሜን ገደል ፊቱን ያዞረው ወደ ሰሜን፥ ወደ ተከዜ ቆላ ነው። በደቡብ በኩል ላለነው ጀርባውን ሰጥቶናል ማለት ይቻላል። የሾሉትን ዐምባዎች በሥዕሉ ላይ እንዳሉት ሽቅብ ለማየት፥ ወይ ሊማሊሞን ወርዶ በዛሪማና በአዲ አርቃይ አቅጣጫ መቆም፥ ወይም ተከዜ ዳር መድረስ ያስፈልጋል።

ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚመጣው የዱሮ የአውሮፓ መንገደኛ በዚህ በኩል ነበር የሚመጣው። ሄንሪ ሶልት በ1809ና በ1810 በተደረገው ሁለተኛ ጉዞው ጎንደር ሳይደርስ ቢመለስም፥ እስከ ተከዜ ወርዶ የስሜንን ተራሮች ከሩቅ አይቷል። ከእርሱ አስቀድሞ ጄምስ ብሩስ በ1770 ተከዜን በመልካው ተሻግሮ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ፥ በየካቲት ወር ጎንደር ገብቷል። (ብሩስ «ንስረ ወርቅ» የሚለው ትልቅ አሞራ ሰዎቹ ያቀረቡትን የፍየል ቅቅል ከሳሕኑ ላይ የነጠቃቸው በዚሁ በሊማሊሞ አናት ላይ ነበር። አሞራው ልማዱን እስከ ዛሬ አልተወም።) እንግዲህ በእንዲህ ያለ መንገደኛ ደብተር ውስጥ የስሜን ተራሮች በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይነደፋሉ። ድልድዩ የሚመጣው ዘግይቶ፥ መንገደኛው ጎንደርን አልፎ ወደ ዓባይ ሲወርድ ነው፤ ብሩስ ወደ ጢስ ዓባይ የሄደው በግንቦት ወር ነበር። በሥዕላችን ውስጥ ግን ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተቀምጠዋል።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት የዚያን ዘመን መጻሕፍት አሠራር ማወቅ ይገባል። መንገደኛው በቦታው ላይ የሚያደርገው በእርሳስ መንደፍ ብቻ ነበር፤ ዝናምና ሽፍታ፥ ባለ ኬላና ረኃብ ባለበት መንገድ ከዚያ የበለጠ ጊዜ አይገኝም። ንድፉ አውሮፓ ሲደርስ አገሩን አይቶ የማያውቅ ሌላ ሠዓሊ እንደገና ይሥለዋል፤ ከዚያ ሦስተኛው ሰው በእንጨት ላይ ይቀርጸዋል ወይም በድንጋይ ላይ ያትመዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰሩት የፈረንሳዩ ቆንስል ጊዮም ሌዣን ጉዞውን በ1860ዎቹ «ለ ቱር ዱ ሞንድ» በተባለው መጽሔት ባሳተመ ጊዜ፥ ሥዕሎቹ የተዘጋጁት በዚህ መንገድ ነበር። በመጨረሻ በገጹ ላይ የምናየው ሥዕል ቢያንስ የሦስት ሰዎች ሥራ ነው፤ ከሦስቱም አገሩን ያየው አንዱ ብቻ ነው። አንዳንድ ጊዜ ያ አንዱም ተገቢውን ስም አያገኝም። ከብሩስ ጋር የመጣው የቦሎኛው ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ጎንደር ላይ በ1771 ሲሞት፥ የሥዕሎቹ ክብር ለብሩስ ቀረ፤ እንዲያውም ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ባሉጋኒን ወደ ዓባይ ምንጭ ከመሄዳቸው በፊት እንደ ሞተ አድርጎ ነው የተረከው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በዚያው ምዕተ ዓመት ስሜንን የጎበኘው ኤድዋርድ ሩፔል ጭላዳንና ዋልያን በ1835 ለሳይንስ ዓለም አስታውቋል። የእንስሳቱን ሥዕል ያየ ሰው ጠጉራቸው ሳይቀር በጥንቃቄ መሣሉን ይመሰክራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቆዳቸው ፍራንክፈርት ቤተ መዘክር ገብቶ ስለ ነበር ሠዓሊው ቢሳሳት የሚያርመው ነበር። ድልድይ ግን ወደ ፍራንክፈርት ተሸክሞ የሚወስድ የለም።

ተራራው ከዚያ ካልሆነ ድልድዩስ የማን ነው? በዚህ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ያህል ስተናል። አንድ ጓደኛችን የውሃውን ጸጥታና የዳርቻውን ቀጥታ አይቶ፥ ይህ የጎንደሩ የፋሲል መዋኛ ነው ብሎ ተከራከረን። መዋኛው ውሃውን የሚያገኘው ከቀሃ ወንዝ በተቀደደ ቦይ ነው፤ በመካከሉ ወዳለው ቤት የሚያስገባውም በቅስቶች ላይ የተሠራ የድንጋይ ድልድይ ነው። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የፋሲል መዋኛ በግንብ የታጠረ እንጂ በአለት መካከል ያለ ስላልሆነ ተውነው። ነገሩን የፈታልን የጢስ ዓባይ አገር ልጅ የሆነ ሌላ ጓደኛችን ነው። ፎቶግራፉን እንዳየ፥ «ይህማ የእኛ ድልድይ ነው፤ ውሃውን ግን ማን ገደለው?» አለ።

አብረነው ወረድን። ከፏፏቴው ዝቅ ብሎ፥ ዓባይ በጠባብ የአለት ገደል ውስጥ በሚያልፍበት ቦታ፥ ድልድዩ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ገበያተኛውም አህያውም ይሻገርበታል። ትልቁ ቅስት በሁለቱም ወገን በአለት ላይ መቀመጡ፥ የመከለያው ግንብ ዝቅተኛነት፥ ድንጋዮቹ በመጠን አለመተካከላቸው ከሥዕሉ ጋር ይስማማል። የማይስማማውም ብዙ ነው። ከትልቁ ቅስት ሌላ ክረምት ሲሞላ ውሃው እንዲያልፍባቸው የተሠሩ አነስተኛ ቅስቶች አሉ፤ በሥዕሉ ላይ አንድም የለም። ብሩስም በመጽሐፉ የጻፈው ወርዱ 25 ጫማ ገደማ ስለሆነ አንድ ቅስት ብቻ ነው፤ ከመከለያው ግንብ ስብርባሪ ብቻ እንደ ቀረ፥ ድልድዩም ብዙ ጊዜ የተጠገነ እንደሚመስል ይናገራል። በፓሪስ የተቀመጠው ሠዓሊ ንድፉ ሲጎድልበት የብሩስን መጽሐፍ ገልጦ ይሆን ብለን እንጠረጥራለን።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመን ግን ውሃው ነው። ስለ ብዛቱ ዛሬ ከሚታየው ተነሥተን አንፈርድም፤ ከ1964 ወዲህ ከፏፏቴው በላይ ውሃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ይጠለፋል። ስለ ጠባዩ ግን መናገር እንችላለን። ብሩስ በዚህ ቦታ ዓባይ በሁለት አለት ተጨንቆ እያገሣ እንደሚሮጥ ጽፏል፤ እኛም የሰማነው ያንኑ ድምፅ ነው። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ውሃ አይሮጥም፤ ተኝቷል። ዳርቻው አለት አይደለም፤ የተደለደለ አፈር ነው። በውሃው ጠርዝ ያለው ያ ጠባብ መንገድስ ምንድር ነው? ብዙ ቀን አሰብንበት። በመጨረሻ መልሱን ያገኘነው ስለ እንግሊዝና ስለ ፈረንሳይ ቦዮች ከተጻፈ መጽሐፍ ነው።

የባቡር ሐዲድ ከመስፋፋቱ በፊት አውሮፓውያን ከባድ ዕቃ የሚያጓጉዙት በእጅ በተቈፈሩ ቦዮች ላይ በጀልባ ነበር። ጀልባውን የሚጎትተው ፈረስ ነው፤ ፈረሱ የሚሄድበትም በቦዩ ጠርዝ ላይ የተደለደለ ጠባብ መንገድ አለ። ቦዩ የገበሬውን ማሳ ለሁለት ሲከፍለው በላዩ ላይ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ይሠራለታል፤ ፈረሱ ገመዱን ሳይፈታ እንዲያልፍም መንገዱ ከቅስቱ ሥር ይቀጥላል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት እንዲህ ያሉ የቦይ ድልድዮችን መንደፍ ለአውሮፓ ሠዓሊዎች የተለመደ ሥራ ነበር፤ ለንደን ከተማ ውስጥ የሚያልፈው፥ በ1820 የተከፈተው የሬጀንት ቦይ ድልድዮቹ ሳይቀሩ ተሥለውለታል። እንግዲህ ሠዓሊያችን «በውሃ ላይ ያለ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ» ሲባል እጁ በለመደው ሄደ። ዓባይን ቦይ አደረገው፤ ከገደሉ ውስጥ የጀልባ ፈረስ መንገድ አወጣለት። በክረምት ዓባይ በዚያ ጉሮሮ ውስጥ እስከ ምን ከፍታ እንደሚወጣ አይቶ ቢሆን ኖሮ፥ በዚያ መንገድ ላይ ፈረስ ቀርቶ ጉንዳን እንደማይቆም ባወቀ ነበር።

ይህ እንደ ቀላል ስሕተት ሊቈጠር ይችላል። እኛ ግን አናቀልለውም። ድልድዩ የተሠራው ውሃው ሰው ስለሚገድል ነው። ውሃውን ያስተኛ ሰው የድልድዩን ምክንያት አጥፍቶታል፤ የቀረው የሚያምር ፍራሽ ብቻ ነው። በመልካ መሻገርን የዳባቱ ሽማግሌ ያውቁታል። ተከዜ ሞልቶ ከዳር ሰፍረው የጎደለ እስኪመስላቸው ስንት ቀን እንደ ጠበቁ፥ በኋላም ጭነት ከነአህያው ሲወሰድ እንዳዩ አጫውተውናል። በቅስቱ ላይ ያለው ባለ በቅሎ ሰው ግን ወደ ውሃው ዝቅ ብሎ ስንኳ አያይም።

ስለ መግለጫው ቃል ረጅም ክርክር አያስፈልግም። ድልድዩን የፖርቱጋሎች ነው ማለትን አልሜይዳ ራሱ አይደግፈውም፤ እርሱ ደግሞ ፖርቱጋላዊ ኢየሱሳዊ ስለ ነበር ለወገኑ ቢያደላ የሚገርም አልነበረም። አልሜይዳ እንደ ጻፈው ድልድዩ የተሠራው በ1626 በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ ነው፤ ለኖራው የሚሆነው ድንጋይ የተገኘው እዚያው አጠገብ በአላታ ወንዝ ነው፤ ሥራውን የመራው ባለሙያ ደግሞ ከጳጳሱ ከአፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ ነው። በ1541 ከክርስቶፎሮስ ደ ጋማ ጋር የመጡት 400 የፖርቱጋል ወታደሮች ይህን ድልድይ ሊሠሩ አይችሉም፤ በመካከሉ 85 ዓመት አለ።

እኛም ብንሆን ከዚህ ስሕተት ነጻ አይደለንም። ዐፄ ፋሲል ሰባት ድልድይ አሠሩ የሚል ትውፊት ስላለ፥ በአገራችን የቆየ የድንጋይ ድልድይ ሁሉ የፋሲል ይባላል፤ ይህኛውም እንዲሁ። ፈረንጁ ሁሉን ለፖርቱጋል፥ እኛ ሁሉን ለፋሲል እየሰጠን ድንጋዩን የጠረበውንና የተሸከመውን ሰው የሚያስታውስ ጠፋ። ቅስት ሲሠራ ኖራው እስኪይዝ ድረስ ድንጋዩን የሚሸከም የእንጨት ድጋፍ ከሥር ይቆማል። ያን ድጋፍ በሚያገሣ ውሃ ላይ ያቆሙት ሰዎች ከሕንድ አልመጡም። ጎንደርን ካነጹት ግንበኞች መካከል ቤተ እስራኤል እንደ ነበሩበት የታወቀ ነው፤ በወገራ መንደሮቻቸውን ወላጆቻችን ደርሰውባቸዋል። በእኛ አካባቢ ለእነዚህ ባለ እጆች ይሰጥ የነበረውን ስም እናውቃለን፤ እዚህ ላይ መጻፍ ግን ያሳፍረናል።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ ለሠዓሊው የሚገባውን እንስጠው። የፈረሰው መከለያ ግንብ እውነተኛ ነው። ድልድዩን በቦታው ስናየው፥ በሥዕሉ ላይ በቀኝ በኩል ከቅስቱ ሥር ያለች አንዲት የተሰነጠቀች አለት በቦታዋ አገኘናት፤ ከደስታ ብዛት ሁላችንም ጮኽን። እርሷን ማንም ከአሳቡ ሊያመጣት አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው እዚያ ቆሞ፥ እርሳሱን ይዞ፥ ያየውን ነድፏል። ያን ንድፍ ብናገኘው ምናልባት አነስተኛዎቹ ቅስቶችም የሚያገሣውም ውሃ በላዩ ይኖሩበት ነበር።

ሥዕል ለድልድይ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ስናስብ አንድ ሌላ ነገር ትዝ አለን። ከዚሁ ወንዝ ላይ፥ በጎጃምና በበጌምድር መካከል፥ ሰባራ ድልድይ የሚባል ሌላ ጥንታዊ ድልድይ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳይሻገር አርበኞች መካከሉን አፈረሱት፤ ከዚያ ወዲህ ያገሩ ሰው በክፍተቱ ላይ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው መጽሔት ይህን ፎቶግራፍ አንሥቶ አወጣው፦ ከወዲህና ከወዲያ ገመድ የያዙ ሰዎች፥ በመካከል በአየር ላይ የተንጠለጠለ ሰው። ፎቶግራፉን በ2001 ያየው ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሥራ ተቋራጭ ገንዘብና ሰው አሰባስቦ መጥቶ በ2002 ድልድዩን አስጠገነው፤ ጥገናውን በኋላ ጎርፍ ቢወስደውም በ2009 በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግር ድልድይ ተተካለት። በዚያ ፎቶግራፍ ላይ የሾለ ተራራ የለም፤ ቅስቱም ሙሉ አይደለም። የሚታየው ሰው ለመሻገር ምን እንደሚያደርግ ነው። የእኛ ሥዕል በመስተዋት ሥር በኖረበት ዘመን ሁሉ፥ ያየው ሰው ከማድነቅ በቀር ምን እንዲያደርግ ሊጠይቀው ይችል ነበር?

ለተማርንበት ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጽፈናል፤ በሥዕሉ ሥር እንዲለጠፍም አዲስ መግለጫ አያይዘን ልከናል። እንዲህ ይላል፦ «በጢስ ዓባይ ያለው የአላታ ድልድይ፥ አልሜይዳ እንደ ጻፈው በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ በ1626 የተሠራ። አነስተኛዎቹ ቅስቶች ተትተዋል። ተራሮቹ ከስሜን፥ ውሃው ከአውሮፓ ቦይ የመጡ ናቸው።» በትርኢቱ ላይ የጠየቁን መምህርም ይህን ጽሑፍ እንዲያነቡልን በአክብሮት እንለምናለን። የዳባቱ ሽማግሌ ግን መግለጫውን ካነበብንላቸው በኋላ ስንኳ ፎቶግራፉን አልመለሱልንም። «ድልድዩን ለጎጃሜዎች መልሱላቸው፤ ተራራው የኔ ነው» ብለው ከምድጃው ፊት ለፊት ሰቅለውታል።